ሐሙስ ሌሊት ውሃ ሲመጣ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቧንቧው አሳለ፣
ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ቆመ፣ ደግሞ ቀጠለ።
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ለአርብ አጥቢያ፤
መብራት በየመስኮቱ፣ የባልዲ ገበያ።
"ተነሳ ዋቅጋሪ፣ መጣ!" አልኩት በክርኔ ጎሽሜ፤
እሱም ተነሳ፣ ሱሪውን በጨለማ እየፈለገ።

እሱ ቱቦ ሲቀጥል፣ እኔ ጄሪካን ሳለቀልቅ፣
በጠባቧ ኩሽና ትከሻ ለትከሻ ስንጨናነቅ፣
አንድም ቃል ሳንለዋወጥ የትናንቱ ኩርፊያችን
ሳናውቀው አለቀ፣ ወይ ፈሰሰ ከእጃችን።

ከእኛ ሥር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ አስካለች አሉ።
ባለፈው ወር በርሜላችን ሞልቶ ሲፈስ አድሮ፣
ኮርኒሳቸውን አሳብጦ፣ አልጋቸው ላይ ወርዶ፣
በማለዳ መጡብኝ፣ ፊታቸው ነዶ።
እኔም አላነስኩም።
"ቤቱን የሠራው መንግሥት ነው፣ ሂዱ እሱን ጠይቁ!"
ደረጃው ሙሉ ሰው ነበር፤ አንዳንዶቹም ሳቁ።
እሑድ በቆርቆሮዋ ቤተ ክርስቲያን ስንናዘዝ በኅብረት
ከንፈሬ አብሮ አለ፤ ልቤ ግን ቆጠረ የእሳቸውን ጥፋት።

ናኦል አሥራ አራት ሞልቶታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራል፣
በሚመጣው ወር በጉባኤው ፊት እምነቱን ይመሰክራል።
ትናንት ማታ ካልሲ ሳጥብ ደብተሩን ይዞ መጣ፤
"እማዬ፣ የጸደቀ ሰው ለምንድን ነው የሚቆጣ?"
ሳሙናው ከእጄ አመለጠ።
ስለ ፈተናው ይሁን ስለ እኔ፣ ከፊቱ አልተገለጠ።

ምን ልበለው?
ልጅ ሳለሁ ቅድስና መሰላል ይመስለኝ ነበር፣
በየእርከኑ ላብ፣ ከላይ ደግሞ በር።
ዛሬ በቀን ስድስቴ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጄሪካን ተሸክሜ፤
የምደርሰው አራተኛ ፎቅ ነው፣ እሱም ደክሜ።

"ና በርሜሉን እይ" አልኩት፣ "ክዳኑን ክፈት።
ከላይ ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ዝቃጭ፣ የሳምንት።
ካልነኩት ያምራል፤ በጣሳ ሲመቱት ይነሣል ደፍርሶ፤
እናትህ እንዲህ ናት።"
"ታዲያ ማን ያጠራታል?" አለ ድምፁን ቀንሶ።

እኔ እንጃ አልኩ። ቆይቼ ደግሞ፦ "አንዴ ታጥቤያለሁ፣ በስሜ ተጠርቼ፣
የሦስት ወር ሕፃን ሆኜ፣ ምንም ሳላውቅ፣ ሳልመርጥ፣ ተኝቼ።
ያ ውሃ አልደፈረሰም፤ ምንጩ የእሱ ነው።
እኔ ባዶ ጄሪካን ይዤ በየማለዳው የምሰለፈው።"
አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደሆነ አላሳየኝም።

አሁን ሌሊት ነው። ጄሪካኖቼን ቆጠርኩ፤ አምስት። ሰባት ነበሩ።
ሌባ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ገርበብ ብሏል በሩ።
ደረጃው ረጥቧል፤ ጠብታው ወደ ታች ይመራል፤
ሦስተኛ ፎቅ በራፍ ላይ ናኦል ውሃ ይገለብጣል፣
እትዬ አስካለች ጋቢ ደርበው የስልክ መብራት ያበሩለታል።
"ቧንቧዬ ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ፤ አልነገረሽም?"
አልነገረኝም።
እሱም የረሳው ይመስላል። "እጄን ቀዘቀዘኝ" ብቻ አለ።

ሲመለስ ሲፈን መንገዱ ላይ ቆማለች፣ ዐይኗን እያሸች፤
"ዞር በይ አንቺ ጅል!" ብሎ ገፈተራት፤ ጮኸች።
ሳቄ መጣ። ቅዱሴ! ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም።
በዚያ ሳቅ ውስጥ ግን አልፈረድኩበትም፤
በራሴም፣ ለአንዲት ሌሊት፣ አልፈረድኩም።

መወልወያዬን ይዤ ደረጃውን እያደረቅሁ ወረድኩ።
በራቸው ጋ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ፤ "ኮርኒሱስ ደረቀ?" አልኩ።
"ደርቋል። ምልክቱ ግን አለ፤ ግቢና እዪው።"
ከአልጋቸው በላይ፣ ቡናማ፣ ዳር ዳሩ የተሸረፈ፣ እንደ ካርታ።
ቆሜ አየሁት። ያኔ መጣ፣ ሳልጠራው፦ "ይቅርታ።"

ከላይ ዋቅጋሪ ተጣራ፤ "ቆመ! ውሃው ቆመ!"
አንዱ በርሜል ገና ግማሹ ነው።